የሾፌሩን ቱቦ ማን ከፈተው?

ተጠርታ የመጣችው ለበሽተኛ ነበር፤ የደረሰችው ግን ሬሳ ላይ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ዋርድ ጥግ ያለችው ክፍል በሯ በሰው ታፍኗል። ውስጥ የሟቹ ሚስት ድምፅ ሳታሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ ብላለች። አልጋው ላይ፣ ሰሞኑን «ከእንግዲህ ቤቴ ልግባ፣ መኪናዬ ናፈቀችኝ» እያለ ከነርሶቹ ጋር ሲቀልድ የከረመው የጭነት መኪና ሾፌር ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ግዙፍ ሰው ስለነበር እግሩ ከአልጋው ተርፎ ወጥቷል።

ይቺ ዘግይታ የደረሰችው ሐኪም የተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት ናት። የራሷ ዋርድ የላትም፤ «የእኔ» የምትለው አልጋም በሽተኛም የላትም። ሌሎቹ ሐኪሞች የበሽተኛው ትኩሳት አልወርድ፣ ነገሩም አልገባ ሲላቸው ይጠሯታል። ትመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች። ምን በላህ፣ ከየት መጣህ፣ ውሻ አለህ ወይ፣ ጥርስህን ማን ነቀለልህ ስትል ስለምትውል ሆስፒታሉ በሙሉ «ጠያቂዋ» ይላታል። ስሙን የወደደችው አይመስልም፤ ግን ሲጠሯት ዞር ትላለች።

«እቺ ናት!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው። «እየተጎተተች፣ እጇን በቅጡ ሳትታጠብ፣ ወንድሜን የጨረሰችው እቺ ናት!»

የሚጮኹት የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጣታቸው በሩ ሥር የቆመችውን ወጣት ነርስ ሊወጋ ደርሷል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚሁ ሆስፒታል ነርስ ነበሩ፤ ከዋርዱ ነርሶች አብዛኞቹን መርፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ «እትዬ» ይላቸዋል። እናታቸው ሲሞቱ ይህን ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ የሞተባቸው ወንድምም ልጅም ነው።

ወጣቷ ነርስ ወደ በሩ መቃን ተጠጋች።

ቀዶ ጠጋኙ ጠያቂዋን በክንዷ ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

«ይቅርታ፣ ዘግይቼ ጠራሁሽ» አላት።

«መቼ ጀመረው?»

«ትናንት ከሰዓት። ድንገት አንቀጠቀጠው፤ ትኩሳቱ ጣሪያ ነካ። መኪናው ተገልብጦ የመጣ ሰው ነው። ጣፊያው ፈንድቶ ስለነበር አውጥተንለታል፤ የተቀደደ አንጀቱንም ሰፍተናል። የሰፋሁት ለቀቀ ብዬ ሆዱን እንደገና ከፈትኩት።»

«እና?»

«ምንም! ስፌቱ ፍንክች አላለም። ሆዱ ንጹሕ ነው። መልሰን ዘጋነው፤ ግን ከዚያ በኋላ አልነቃም።»

«መድኃኒቱን የምትሰጡት በየት ነበር?»

«በአንገቱ ሥር ባስገባነው ቱቦ ነዋ። በሌላ በምን እንሰጠዋለን?»

ጣፊያ ደም ውስጥ የገባ ጀርም የሚያዝበት ቦታ ነው። ጣፊያው የወጣ ሰው፣ ለሌላው ተራ ትኩሳት የሚሆነው ነገር በአንድ ቀን ይገድለዋል። ይህን ቀዶ ጠጋኙም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ለማንም አላብራራም።

ተመልሳ ገባችና መጀመሪያ ወደ ሚስትየው ጎንበስ አለች። «የኔ እህት፣ ልየው? ትፈቅጂልኛለሽ?» ሚስትየው አንገቷን ነቀነቀች።

አንሶላውን ገለጥ አደረገች። የሆዱ ቁስል ደረቅ ነው። በቱቦው ዙሪያ ያለው ቆዳ አልቀላም፣ መግልም የለውም። በባትሪ አፉን አየችው፤ ድዱ ጤነኛ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ቁስልም የለበትም። አንድ ሰው አፉን በየዕለቱ በጥንቃቄ ሲያጸዳለት እንደቆየ ያስታውቃል።

«አፉን ማን ነበር የሚያጸዳለት?»

«እኔ» አለች ወጣቷ ነርስ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ቱቦውን እንዳትጥሉት። ከነክዳኑ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ።»

«ምን ልታገኚ ነው?» አሉ እትዬ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «ነገሩ እኮ ግልጽ ነው!»

«እትዬ፣ እኔ ግልጽ ነገር ቶሎ አይገባኝም» አለቻቸው።

በማግስቱ እትዬ ክሳቸውን ለዳይሬክተሩ አቀረቡ። ዳይሬክተሩም ተማሪያቸው የነበረ ሰው ነው፤ ፊታቸው ሲቆም እስካሁን እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ወጣቷ ነርስ ከሥራ ታገደች። ጥፋቱ የእሷ ነው ከተባለ የሙያ ፈቃዷ ይሰረዛል፤ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ለልጅቷ ነርስነት እንጀራዋ ብቻ አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ነገር እሱ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ውሳኔውን ያቆየው የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ነው፤ ያንንም ያደረገው ጠያቂዋ በር ላይ ቆማ አላሳልፍ ስላለችው ነው።

ውጤቱ ሲደርስ የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ ደወለላት። ለሬሳም ቢሆን የሚቀልድ ሰው ነው።

«ጠያቂዋ፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ። ቀጥል።»

«ትኩሳቱ ሲነሣ ከቱቦው የተቀዳው ደም ጀርም ቀድሞ አበቀለ፤ በጣም ቀድሞ። ከክንዱ የተቀዳው እያዘገመ ነው የደረሰው።»

«ስለዚህ ጀርሙ የገባው በቱቦው ነው። ማነው የበቀለው?»

«ማነው አትበይ፣ እነማን ናቸው በይ። መንደሩ ሁሉ ነው የመጣው! ሁሉም ደግሞ ድድ ሥርና ምላስ ላይ የሚኖሩ ናቸው። የእጅ የለ፣ የአንጀት የለ፤ የሰው አፍ ብቻ። የቱቦው ክዳን ውስጡ ላይም እነሱው ናቸው። አፉ ቆስሎ ነበር?»

«አልቆሰለም። አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሰው ነክሶት ነው?»

ጠያቂዋ አልሳቀችም። «ይህን ለማንም እንዳትናገር።»

«ለዳይሬክተሩም?»

«ለእሱ በተለይ» ብላ ዘጋችው።

የሰው አፍ እንዴት ተደርጎ አንገት ሥር ያለ ቱቦ ውስጥ ይገባል? ይህን እያወጣችና እያወረደች ጥያቄዋን ጀመረች።

ቀዶ ጠጋኙን ያገኘችው የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

«ቱቦውን ነክተኸዋል?»

«ካስገባሁት በኋላ? በጭራሽ። ሲዘጋ እንዴት እንደሚታጠብ ብትጠይቂኝ፣ ነርስ ጥሪልኝ ነው የምልሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረና አቃተው። «ሆዱን ባልከፍተው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

«እስካሁን አላውቅም» አለችው፤ እውነቷን ነበር።

ሚስትየውን ከሬሳ ክፍሉ ጀርባ ያለ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ አገኘቻት። የሟቹን ልብስ የያዘ ፌስታል ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ጠያቂዋ ስትቀመጥ ፌስታሉን ጠበቅ አደረገችው።

«አንድ ነገር ደብቀሻል» አለቻት ጠያቂዋ፣ ለስለስ ብላ። «ገና ከሩቅ ስታዪኝ ነው ያስታወቀብሽ።»

ሚስትየው ተንሰቀሰቀች።

«ምንም እንዳይቀምስ ተብሎ ነበር። አፌ ደረቀ ብሎ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል አለ። ሻይ በማንኪያ ሰጠሁት። ስኳር ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርኩለት። እኔ ነኝ የገደልኩት አይደል?»

«በአፉ ነው የሰጠሽው?»

«ታዲያ በየት ይሰጣል!»

«ቱቦውንስ ነክተሻል?»

«በስማም! እኔ እሱን ነገር ሳየው ራሱ ያዞረኛል።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ሻይሽ አልገደለውም። በደሙ ውስጥ የሻይም የአንጀትም ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ከልብሽ አውጪው።»

ሚስትየው ፊቷን ፌስታሉ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። «ጣፍጦት ነበር» አለች ቀና ስትል። «ደግሞ እትዬን እንዳትነግሪያቸው። ድሮም አይወዱኝም።»

«በታመመበት ዕለት ጠዋት ማን ነበር አብሮት?»

«እትዬ። እኔ ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ሄጄ ነበር።»

ወጣቷ ነርስ ወደ ዋርድ መግባት ስለተከለከለች ጠያቂዋ የምታናግራት የራሷ ቢሮ ተብዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ምን የተለየ ነገር ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ጠዋት እኮ የለም።»

ልጅቷ ተነፈሰች። «ቱቦው ተዘግቶብኝ ነበር። መድኃኒቱ አልወርድ አለ። በኃይል አይገፋም፤ የረጋው ደም ወደ ልብ ሊሄድ ይችላል። የዋርዱን ኃላፊ ነርስ ልጠራ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ስለነበረች ቆሜ ጠበቅኳት። መቆየቴን ሳይ ጥያት ተመለስኩ፤ ስገባ መድኃኒቱ ኩልል እያለ ይወርዳል።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለምን?»

«አፍሬ ነዋ! ሳይዘጋ ተዘጋ አለች ይሉኛል ብዬ። እትዬ እንኳን ይህን ሰምተው፣ ድሮም ጥርስ ነክሰውብኛል። ‘እጅሽ ድንጋይ ነው እንዴ፣ በእኛ ጊዜ ዋርዱን ጨርሰን እረፍት ላይ ነበርን’ ይሉኛል፤ በሽተኛ ፊት።»

«ምኑ ላይ ነው የምትዘገዪው?»

«የምከፍተውን ክዳን ንጹሕ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥዬው አዲስ እከፍታለሁ። አንድ ሰው ይዞልኝ ቢሆን ይፈጥን ነበር፤ ግን የሚይዝልኝ የለም።» ቀና ብላ አየቻት። «ዶክተር፣ ሥራዬን አጣለሁ?»

ጠያቂዋ አይዞሽ ማለት ፈልጋ ነበር። «የማላውቀውን አልነግርሽም» አለቻት። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷን እስከ ሆስፒታሉ በር ሸኘቻት፤ እንዲህ ማድረግ ልማዷ አይደለም።

የቀሩት እትዬ ነበሩ። ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ ለለቀስተኛ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ለሟቹ ትንሽ ልጅ የሚሆን ጥቁር ቀሚስ ይሰፋሉ። በግራ እጃቸው ጨርቁን ወጥረው፣ በቀኛቸው እየወጉ፣ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘዋል። በዚያው አፋቸው ነበር የሚናገሩት።

«ቁጭ በይ። ላቦራቶሪው መለሰ?»

«መልሷል።»

«ምን አለ?»

«በስብሰባው እናገራለሁ። እትዬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ቱቦው ተዘግቶ ነበር እንዴ?»

መርፌው ቆመ። ትንሽ ብቻ። «ቱቦ የሚዘጋው የማይረባ እጅ ሲያገኝ ነው» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉት።

ጠያቂዋ ዓይኗን ከአፋቸው ላይ መንቀል አቃታት። ገባት። የገባት ነገር ደስ አላሰኛትም። ይህቺን ሴት ልውቀስ ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር ራሷ በር ላይ ቆማ በመለሰችው ነበር።

«እትዬ፣ ከስብሰባው በፊት እኔና እርስዎ ብቻችንን እንነጋገር። አሁኑኑ፣ እዚሁ።»

«ለምን? ለማድበስበስ?» ስፒሎቹን ከአፋቸው አውጥተው ጨርቁ ላይ ሰኳቸው። «የልጅቷ ዘመድ ነሽ?»

«አይደለሁም። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ በሁሉም ፊት ተናገሪ! እሷም እዚያ ትቁም፣ ሚስቱም ትስማ። ወንድሜን በሰው ፊት ነው የገደለችብኝ።»

ጠያቂዋ ሁለቴ ለመነቻቸው። እትዬ አንዴ እንቢ ካሉ ማን ይመልሳቸዋል!

ስብሰባው የተደረገው ከሰዓት በኋላ ዋርዱ አጠገብ ባለው የማስተማሪያ ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ፣ ቀዶ ጠጋኙ፣ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ፣ ሚስትየውና እትዬ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ወጣቷ ነርስ ወንበር እያለ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ ጠያቂዋ ያመጣችው ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ቱቦ፣ አጠገቡ ደግሞ ሲሪንጅና ጓንት ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ትራሱን አይቶ ግራ ገባው።

«በሆዱ ልጀምር» አለች ጠያቂዋ። «ዶክተሩ ስፌቱ የለቀቀ መስሎት ከፈተው፤ ንጹሕ ነበር። በደሙም ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ አልተገኘም። ሆዱ አይደለም።»

ቀዶ ጠጋኙ ትከሻው ወረደ።

«ሁለተኛ፣ በአፉ የቀመሰው ነገርም አይደለም።»

«ቀምሶ ነበር እንዴ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ነገር ስለሆነ እንለፈው።» ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች። «ሦስተኛ፣ ደም ከክንዱም ከቱቦውም ተቀድቶ ነበር። የቱቦው ብዙ ቀድሞ አበቀለ። የገደለው ነገር የገባው በቱቦው ነው።»

«ይኸው!» እትዬ ጠረጴዛውን መቱ። «አላልኳችሁም? ቱቦውን የምትነካ ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ወጣቷ ነርስ ዞሩ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«እሷ ናት» አለች ጠያቂዋ። «በእጇ ነው የምትነካው። የእጅ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ይበቅል ነበር። እሱ ግን አልበቀለም።»

«ታዲያ የቱ ነው የበቀለው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እደርስበታለሁ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ። ያን ዕለት ጠዋት ቱቦው ተዘግቶ ነበር። ነርሷ ኃላፊዋን ፍለጋ ወጥታ ስትመለስ ተከፍቶ አገኘችው። የረጋ ደም በራሱ ጊዜ ተነሥቶ አይሄድም። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ዶክተሩ ሌላ በሽተኛ ላይ፣ ሚስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ። ማን ከፈተው?»

የመለሱት እትዬ ናቸው፤ ያውም አገጫቸውን ቀና አድርገው።

«እኔ ነኝ! ምን ታፈጡብኛላችሁ? መድኃኒቱ ቆሞበት፣ ልጅቷ ወጥታ ስትቀር፣ ቁጭ ብዬ ልየው? ትሪው ላይ የነበረውን የቱቦ ማጠቢያ ሳላይን ቀድቼ፣ ገፋ ሳብ እያደረግኩ ከፈትኩት። እጄን ታጥቤ፣ ጓንት አድርጌ ነው! የእኔን እጅ የሚጠረጥር አለ እዚህ?»

«የለም» አለች ጠያቂዋ። «እትዬ፣ እስቲ ያሳዩኝ። እንደዚያን ዕለቱ።»

«ደስ እያለኝ! ይቺም ትማር!» ጓንቱን በአንድ ጊዜ አጠለቁ። ጣቶቻቸው ጡረታ የወጡ አይመስሉም። «እሱ አርፎ አይተኛም፤ ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር። በግራ እጄ እጁንና ቱቦውን አንድ ላይ ያዝኩ፣ እንዲህ። በቀኜ ክዳኑን ፈታሁ…»

ፈቱት። ቀኝ እጃቸው ሲሪንጁን ለማንሣት ሲሄድ ክዳኑ በመንገዱ ላይ ጥርሳቸው መሃል ቀረ። ሳያዩት፣ ሳያስቡት። ሲሪንጁን ገጠሙ፣ ገፋ አደረጉ፣ ሳብ አደረጉ፣ በተከደነ ጥርሳቸው እያወሩ።

«ይኸው! ተከፈተ! አሁን ይሄ ምን ይፈጃል?» ሲሪንጁን ነቀሉ፣ ክዳኑን ከጥርሳቸው ወስደው ቱቦው ላይ መልሰው አጠበቁት። «አለቀ!»

ኃላፊዋ ነርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ እትዬ።

«ክዳኑ የት ነበር እትዬ?» አለች ጠያቂዋ።

«የቱ ክዳን?»

«አሁን መልሰው የከደኑት።»

እትዬ ትራሱን አዩ። ክዳኑን አዩ። ጓንት ያጠለቀው ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ከንፈራቸው ሄደና እዚያው ቀረ። ጠያቂዋ በዚያች ደቂቃ ሥራዋን ጠላችው፤ ግን ጀምራ መተው አልቻለችም፣ ልጅቷ አሁንም ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«ደሙ ውስጥ የበቀሉት የሰው አፍ ባክቴሪያዎች ናቸው» አለች። «ክዳኑ ውስጥም እነሱ አሉ። የእሱ አፍ ንጹሕ ነው፤ ቢሆንም ባይሆንም አፉ እዚያ አይደርስም። ጣፊያው ያለ ሰው ቢሆን ምናልባት ሁለት ቀን ተኝቶ ይነሣ ነበር። እሱ ግን ጣፊያ አልነበረውም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራሁት» አሉ እትዬ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «ማንም ሞቶብኝ አያውቅም።»

ሞቶባቸው ከሆነ በምን ያውቁታል?

ከዚያ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡና ጠያቂዋን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳታባብዪኝ። ሲያንቀጠቅጠው ጊዜ፣ ያኔውኑ ‘ቱቦውን ነክቼዋለሁ’ ብዬ ብናገር ኖሮ?»

«ቱቦውን ወዲያው እናወጣው ነበር። ሆዱን አንከፍትም፤ መድኃኒቱንም እንቀይረው ነበር።»

«ይተርፍ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

ጠያቂዋ መዋሸት ትችል ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንድትዋሽ ተመኘ። «ዕድል ነበረው እትዬ» አለች። «ጥሩ ዕድል።»

ሚስትየው ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። «ለምን አልተናገሩም?»

«በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቱቦ አይነካም» አሉ እትዬ። «ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። አንድ ጎረምሳ የበሽተኛ ዘመድ ሲነካ ያዝኩና ከዋርዱ አስወጥቼዋለሁ። ታዲያ እንዴት ብዬ እናገራለሁ? አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ረሳሁት።» ጓንቱን ከእጃቸው አወለቁ። «አፈር ልብላ፣ ለኩራቴ ስል ልጄን ቀበርኩት።»

ሚስትየው አልተንቀሳቀሰችም። ልታጽናናቸው አልፈለገችም፣ ልትሰድባቸውም አልቻለችም።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ነርሷ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክሱም ይነሣል። ለቤተሰቡ ክብር ሲባል ነገሩ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይዘጋ።»

«አይዘጋም!» እትዬ ተነሡ። «ነርሶቹን ሰብስቡልኝ።»

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር» አለች ኃላፊዋ ነርስ፣ እያለቀሰች።

«ዛሬ ነው። ነገ ወኔው አይኖረኝም።»

ተረኞቹ የሚቀያየሩበት ሰዓት ስለነበር የሚገቡትም የሚወጡትም ነርሶች ዋርዱ መግቢያ ላይ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ለቅሶ ሊደርሷቸው ያሰቡ ስለነበሩ ፊታቸውን አሳዝነው ነው የመጡት። እትዬ ጥቁር ነጠላቸውን አጥብቀው መሃል ቆሙ።

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በዚህ ጥርሴ።»

ከዚያም ከቱቦው መዘጋት ጀምረው እስከ መጨረሻው ድረስ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ፣ በሽተኛ ሲረከቡ እንደሚናገሩት አድርገው ነገሯቸው። አንዷ ነርስ መሃል ላይ ማልቀስ ስትጀምር «ዝም በይና ስሚ» አሏት።

«አሁን» አሉ ሲጨርሱ፣ «ክዳን በጥርሱ የሚይዝ ሰው እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም። ከውስጥ የአንድ በሽተኛ ሳል ይሰማል።

«አትፍሩ። ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ግን ልወቀው።»

መጀመሪያ ኃላፊዋ ነርስ አወጣች። ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው፣ ከዚያ ከኋላ ሁለት ወንዶች፣ ከዚያ ሌሎች፣ ሌሎችም። ወጣቷ ነርስ አሮጊቷን ብቻቸውን ማየት አላስችል ብሏት ነው መሰል የእሷንም እጅ አነሣች።

እትዬ በሰዉ መሃል አልፈው ወደ እሷ ሄዱ። የተነሣውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት።

«አንቺ አታውጪ የኔ ልጅ። አንቺ እንዲህ አትሠሪም። አይቼሻለሁ፤ እያየሁ ነው የሰደብኩሽ።»

ልጅቷ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟትና እጇን እንደያዙ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ማውረድ ጀምረው ነበር።

«እናንተ ግን አታውርዱ» አሉ። «ልያችሁ።»

አንድ በአንድ አዩዋቸው። አንዳንዱ ፊት ጋ ሲደርሱ ያ ሰው መጀመሪያ መርፌ የያዘበትን ቀን ያስታውሱ ነበር።